የልጅነት ሚስት

እንደ ልማዳችን በዚህም ወር ለቤተ ሰብ መወያያ የሚሆን አንድ ነገር ይዘን ቀርበናል። የዛሬው ነገራችን ከአሜሪካ አገር የተገኘ አጭር ታሪክ ነው። ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚናገረውም ስለ አንድ የተከበረ ሰው፥ ስለ ቆዳው ቀለምና ስለ ልጅነት ሚስቱ ነው። ለተማሪዎቻችን ባነበብንላቸው ጊዜ ብርቱ ክርክር ስላስነሣ፥ ክርክሩ በየቤታችሁ በማዕድ ዙሪያ ቢቀጥል ይጠቅማል ብለን አሰብን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ደራሲው ቻርልስ ቼስነት ይባላል። በ1858 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከባርነት ነጻ የነበሩ ክልሶች ናቸው። ያደገው በደቡብ፥ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በፋየትቪል ከተማ ነው። ገና በወጣትነቱ መምህር ሆነ፤ ለጥቁሮች በተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤትም ርእሰ መምህር እስከ መሆን ደረሰ። በኋላ ወደ ክሊቭላንድ ተመልሶ ሕግ ተማረ፤ በ1887 የጥብቅና ፈተና አልፎ፥ በፍርድ ቤት የሚነገረውን ቃል በአጭር ጽሕፈት እየመዘገበ ቤተ ሰቡን ያስተዳድር ነበር። የቆዳው መልክ እጅግ የነጣ ስለ ነበረ፥ ወገኑን ክዶ ነጭ ነኝ ብሎ መኖር ቢፈልግ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ከጥቁሮች ወገን መሆኑን ሳይሸሽግ ኖሮ በ1932 ዐረፈ። እንግዲህ የምንናገርለትን ታሪክ የጻፈው ጥያቄውን በገዛ ፊቱ ላይ ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው። ታሪኩ በሐምሌ ወር 1898 አትላንቲክ መንዝሊ በተባለ መጽሔት ወጣ፤ ርእሱም «የልጅነቱ ሚስት» የሚል ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ነጭና ጥቁር የሚባለው በዓይን ታይቶ ብቻ የሚለይ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ልክ በሕግ ጽፎ ነበር። በአንዱ ግዛት ከአያቶቹ አንዱ፥ በሌላው ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ጥቁር የሆነበት ሰው ከጥቁር ይቈጠራል። ስለዚህ በአንዱ ግዛት ጥቁር የተባለ ሰው ድንበር ተሻግሮ በሌላው ግዛት ነጭ ሊሆን ይችል ነበር። ቼስነት ይህንኑ ግራ የሚያጋባ ሕግ በ1889 በጻፈው ሐተታ አንድ በአንድ መርምሮታል። ታሪኩ ከመውጣቱም ሁለት ዓመት አስቀድሞ፥ በ1896፥ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁሮችን በባቡር በተለየ ፉርጎ ማስቀመጥ ሕጋዊ ነው ብሎ ፈርዶ ነበር። ክርክሩን ያስነሣው ሰው ከስምንት እጅ ሰባቱ ነጭ ነበር፤ አንዱ እጅ ግን ከወንበሩ ለመነሣት በቃው። እንዲህ ባለ አገር ሰው ስለ ቀለሙ ቢጨነቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ግሮቭላንድ በተባለች በሰሜን ባለች ከተማ ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመ አንድ የክልሶች ማኅበር ነበር። ዓላማው ሥልጣኔንና መልካም ጠባይን ማስፋፋት ነው ይባላል፤ አባሎቹ ግን አብዛኞቹ ከጥቁርነት ይልቅ ወደ ነጭነት የቀረቡ ነበሩ። ቆዳው ነጥቶ የእጁ ደም ሥር ሰማያዊ ሆኖ ካልታየ በቀር ወደ ማኅበሩ የሚገባ የለም እያሉ ሌሎች ስላሟቸው፥ «ባለ ሰማያዊ ደም ሥሮች» የሚል ስም ወጣላቸው። የማኅበሩ አውራ ሚስተር ራይደር የተባለ ሰው ነው። በባቡር ኩባንያ በተላላኪነት ጀምሮ፥ በትጋቱ የኩባንያውን የጽሕፈት ዕቃ ሁሉ የሚያድል ኃላፊ ሆኗል። ቤት ሠርቷል፤ መጻሕፍት ሰብስቧል፤ ግጥም ይወዳል። ሚስት ግን የለውም። ነጮች ገና አልተቀበሉንም፥ ወደ ጥቁሮቹ መመለስ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ ነው የሚል አሳብ ስለ ነበረው፥ የሚያገባት ሴት ከእርሱ ይልቅ የነጣች እንድትሆን ይመኝ ነበር።

ያችም ሴት ተገኘች። ወይዘሮ ዲክሰን የተባለች፥ በዋሽንግተን መምህርት የነበረች፥ መልከ መልካምና የተማረች መበለት ናት። ሚስተር ራይደር ለክብሯ ታላቅ ግብዣ አዘጋጀ፤ በዚያው ሌሊት ሊያጫትም ቈረጠ። በግብዣው ቀን ከሰዓት በኋላ በደጁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ሴቶች ውበት የተገጠመ ግጥም እያነበበ ሳለ፥ አንዲት አሮጊት ወደ ግቢው ገባች። አጭር፥ እጅግ ጥቁር፥ ልብሷ ያረጀ ሴት ናት። ጥርስ የሌለው ድዷ ሳይቀር ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ነበር ይላል ደራሲው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በማኅበሩ ዘንድ ሰማያዊው ደም ሥር ክብር ነበረ፤ እነሆ ሰማያዊው ድድ በበሩ ቆመ።

ስሟ ላይዛ ጄን ይባላል። ባሏን ሳም ቴለርን ትፈልጋለች። ከጦርነቱ በፊት በሚዙሪ ግዛት ባሪያ ሳለች ያገባችው ሰው ነው። እርሱ ነጻ ሆኖ የተወለደ ክልስ ነበር፤ ወላጆቹ ስለ ሞቱ ግን እስኪያድግ ድረስ እንዲሠራ ለእርሷ ጌታ ተሰጠ። ጌታዋ ገንዘብ በቸገረው ጊዜ ነጻውን ሰው እንደ ባሪያ አድርጎ ወደ ደቡብ ሊሸጠው ማሰቡን ሰማችና ለባሏ ነገረችው። እርሱም ተመልሼ አወጣሻለሁ፥ ወይም ገንዘብ አጠራቅሜ ነጻነትሽን እገዛለሁ ብሎ ቃል ገብቶ አመለጠ። ያስመለጠችው እርሷ መሆኗ በታወቀ ጊዜ ግን ተገረፈች፤ በባሏም ፋንታ እርሷ ወደ ደቡብ ተሸጠች። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ድሮው ስፍራ ተመለሰች፤ አላገኘችውም። ከዚያ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ወጥ ቤት እየሠራች ከከተማ ወደ ከተማ ፈለገችው። በአንገቷ ባሰረችው ክር የድሮ ፎቶግራፉን ይዛ ትዞራለች።

ሚስተር ራይደር ጠየቃት፤ ምናልባት ሞቶ ይሆናል አላት። ምናልባት ሌላ አግብቶ ይሆናል፤ የባሪያ ጋብቻ እንደሆነ በሕግ አይጸናም አላት። ምናልባት አድጎ፥ ከፍ ብሎ፥ እንድታገኚው የማይፈልግ ሰው ሆኖ ይሆናል አላት። ለሁሉም መልስ ነበራት፤ የእኔ ሳም እንዲህ አያደርግም፥ ከመቶ ሰው መካከል ባየው ዐውቀዋለሁ አለች። ፎቶግራፉን ሰጠችው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ተመለከተው። የሚያውቀው እንዳለ እጠይቃለሁ ብሎ የምታድርበትን ስፍራ ጽፎ አሰናበታት። ወደ መኝታ ቤቱም ወጥቶ በመስተዋቱ ፊት ቆመና ፊቱን እየተመለከተ ብዙ ቆየ።

አስተዋዮች አንባብያን ነገሩን ከወዲሁ ደርሳችሁበታል። ከመቶ ሰው መካከል ዐውቀዋለሁ ያለችው ሴት በፊቱ ተቀምጣ ስትነጋገር አላወቀችውም፤ ዕድሜው፥ ስሙና ክብሩ ሸሽገውታል። እርሱ ግን ዐወቃት።

ንባቡን እዚህ ላይ አቁመን፥ «እንግዲህ ይህ ሰው ምን ያድርግ?» ብለን ክፍሉን ጠየቅን። አንድ ተማሪ ተነሥቶ፥ «ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው፤ ገንዘብ ይርዳት፥ ቤት ይከራይላት፥ ኑሮውን ግን አያፍርስ» አለ። ብዙዎች ደገፉት። አንዲት ልጅ ደግሞ፥ «ወይዘሮ ዲክሰንስ ምን በደለች?» ብላ ጠየቀች። ሌላዋ፥ «ሃያ አምስት ዓመት የፈለገችው ገንዘብ ነው እንዴ?» ብላ መለሰችላቸው። ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ተማሪ ግን ሁላችንንም ያስቆመ ጥያቄ አመጣ። «የኔታ፤ ወደ አማርኛ ሲመልሱት ሴትዮዋን ‹አንቺ› አስባሉት። ‹እርስዎ› ሊላት አይገባም ነበር?»

በእንግሊዝኛው አንድ ቃል ብቻ ስላለ ጥያቄው አይነሣም። በቋንቋችን ግን ሰውየው አፉን በከፈተ ቍጥር መምረጥ ግድ ነው። ጨዋ ሰው ለማያውቃት አሮጊት «እርስዎ» ይላል። ኩሩ ሰው ለድኻ «አንቺ» ይላል። ባልም ለሚስቱ «አንቺ» ይላል። አንዱ «አንቺ» ንቀት ነው፤ ሌላው «አንቺ» ከአክብሮት ሁሉ የቀረበ ነው። ለተማሪው የመለስንለት ይህን ነው፤ የሰውየው ፈተና ከመጀመሪያው «አንቺ» ወደ ሁለተኛው «አንቺ» መሻገር ነው፤ በመካከሉ ያለው መንገድም ያ መስተዋት ነው።

በሕግ አይጸናም የተባለው ነገር እውነት ነበር። ባሪያዎች በሕግ ፊት መጋባት አይችሉም ነበር፤ ጌታው ባልን ለአንዱ፥ ሚስትን ለሌላው፥ ልጅን ለሦስተኛው ቢሸጥ ከልካይ የለውም። ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላ ግዛቶቹ ይህን ለማቃናት ሕግ አወጡ፤ ለምሳሌ ኖርዝ ካሮላይና በ1866 እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ የነበሩ ሁሉ በሹም ፊት ቀርበው ጋብቻቸውን እንዲያስመዘግቡ አዘዘች። ነገር ግን አብረው ያሉ ይመዘገባሉ እንጂ፥ የተለያዩትን ማን ይመዝግባቸው? እነርሱ በእግራቸው ይፈላለጉ ነበር። በኒው ኦርሊንስ የሚታተም አንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ በ1880ዎቹ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ነበረው። በዚያ ላይ ሚስት ባሏን፥ እናት ልጇን፥ የተሸጠበትን ጌታ ስም እየጠቀሰች ትጠይቃለች፤ ካህናቱም ማስታወቂያውን ለምእመናን እንዲያነቡ አዘጋጁ ይለምን ነበር። ስለዚህ ላይዛ ጄን በደራሲው አሳብ የተፈጠረች ብትሆንም፥ እንደ እርሷ ያሉ እጅግ ብዙዎች በእውነት በመንገድ ላይ ነበሩ።

የታሪኩን ፍጻሜ እንናገር። በግብዣው ሌሊት እንግዶቹ ከማዕድ ሳይነሡ ሚስተር ራይደር ስለ ሴቶች ክብር እንዲናገር ተጠራ። የሴት ትልቁ ጌጥ ታማኝነት ነው ብሎ ጀመረና በዚያ ቀን የሰማውን የአሮጊቷን ታሪክ በራሷ አነጋገር ነገራቸው። ቀጥሎም አንድ ነገር እናስብ አለ። ባልየው ካመለጠ በኋላ ሚስቱ መሸጧን ሰምቶ፥ ጠይቆ፥ ፈልጎ አጥቷት ቢሆንስ? ወጣት ሳለ በዕድሜ ትበልጠው የነበረች፥ እርሱ ቀላ ያለ እርሷ ጥቁር፥ ጋብቻቸውም በሕግ ያልጸና ቢሆንስ? ተምሮ ከፍ ካለና ሌላ ሴት ከወደደ በኋላ፥ ማንም ሳያውቅበት፥ በድንገት ብትመጣስ? ምን ማድረግ ይገባው ነበር? እያለ ጠየቃቸው።

ጉባኤው ጸጥ አለ። በመጀመሪያ የመለሰችው ወይዘሮ ዲክሰን ናት። እንባዋ እየወረደ፥ ሚስቴ ናት ብሎ ሊመሰክርላት ይገባው ነበር አለች። ሌሎቹም ሁሉ ተባበሩ። ሚስተር ራይደርም ወደ ተዘጋው ክፍል ሄዶ በሩን ከፈተ፤ አሮጊቷንም እጇን ይዞ አወጣት፤ የታሪኩ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን፥ እርሷም የልጅነት ሚስቱ መሆኗን ለሁሉ አስታወቀ። ታሪኩ በዚህ ያልቃል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የአንዲቱን በግ ምሳሌ ነግሮ፥ ንጉሡ በራሱ ላይ ሳያውቅ እንዲፈርድ እንዳደረገው ታስታውሳላችሁ። በዚህ ታሪክ ሚስተር ራይደር ናታንም ዳዊትም ሆኗል፤ ምሳሌውን የሚናገርም የሚፈረድበትም እርሱ ነው። የዳኝነቱን ዋጋ ሳታውቅ ከሁሉ ቀድማ የፈረደችው ግን ወይዘሮ ዲክሰን ናት። ስለ ራሷ ኪሳራ አስባ አልፈረደችም፤ እውነቱን ብቻ አይታ ፈረደች። ተማሪያችን ስለ እርሷ መጨነቋ ትክክል ነበር፤ የዚያች ሴት ፍርድ ባይሰማ ምናልባት ያ በር አይከፈትም ነበር።

ሰውየው እስከዚያ ቀን ሌላ ሚስት አለማግባቱንም መዘንጋት አይገባም። አግብቶ ልጆች ወልዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እጅግ በከበደ ነበር፤ ያን ዓይነቱን ለየንስሐ አባቶቻችን እንተወዋለን።

በዚያው ዘመን ሌላዋ አሜሪካዊት ደራሲ፥ ኬት ሾፓን፥ የዚህን ተቃራኒ ጽፋለች። «የዴዚሬ ሕፃን» በተባለው በ1893 በወጣው ታሪኳ አንድ የሉዊዚያና ባለ ርስት የልጁ መልክ ጥቁር ደም እንዳለበት ባየ ጊዜ፥ ወላጆቿ የማይታወቁትን ሚስቱን አስወጣት። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። በኋላ ያረጀ ደብዳቤ ሲያነብ ጥቁሩ ደም በገዛ እናቱ በኩል የእርሱ መሆኑን ተረዳ። ሁለቱን ሰዎች አስተያዩአቸው። አንደኛው ደሟ ከወዴት ነው ብሎ ጠየቀ፥ ሚስቱንም ልጁንም አጣ። ሁለተኛው ቃል የገባሁት ለማን ነበር ብሎ ጠየቀ፥ ሚስቱን አገኘ፤ ከእርሷም ጋር ሳም ቴለር የተባለውን የጣለውን ራሱን አገኘ። ነገራችን ሁሉ በዚህ ይጠቀለላል። ሚስቱን ስለ ቀለሟ ወይም ስለ ዝቅተኛነቷ የሚክድ ሰው አስቀድሞ የካደው ራሱን ነው።

«የልጅነት ሚስት» የሚለው ቃል በነቢዩ ሚልክያስ መጽሐፍ የሚገኝ መሆኑን ካህናቱ ያውቃሉ፤ ነቢዩ እግዚአብሔር ራሱ በባልና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር ነው ይላል። እንግዲህ የሚዙሪ ሕግ ያልመዘገበው ጋብቻ ምስክር አላጣም ነበር። ስለ ቀለምም ቢሆን፥ ሙሴ ኢትዮጵያዊቱን ስላገባ እኅቱ ማርያም ባማችው ጊዜ የደረሰባት ተጽፎአል፤ ስለ ጥቁሯ ሚስት የተናገረችው ሴት ሰውነቷ በለምጽ እንደ በረዶ ነጣ፥ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። ንጣት ሁልጊዜ ክብር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ይነገራል?

ይህ የአሜሪካኖች ነገር ነው ብለን እጃችንን ታጥበን እንዳንቀመጥ ደግሞ ወደ ቤታችን እንመልከት። በእኛ ዘንድ የሰማያዊ ደም ሥር ማኅበር የለም፤ ነገር ግን ሽማግሌ በተላከ ማግስት አጥንት የሚቈጥር አክስት በየቤቱ አለ። ዝምድና እንዳይገናኝ ሰባት ቤት መቍጠር መልካም ሥርዓት ነው፤ ቀጥቃጭ ነው፥ ሸክላ ሠሪ ናት፥ የባሪያ ዘር ነው ለማለት መቍጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ሰንሰለቱን ሲፈታ በጋብቻ ጊዜ የሚነሣውን ሹክሹክታ ግን አልፈታውም፤ እርሱን መፍታት የአባትና የእናት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። በአሜሪካም ቢሆን ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክለው ሕግ በከፍተኛው ፍርድ ቤት የተሻረው በ1967 ነው፤ ሕጉን ለመሻር አንድ ቀን በቃ፥ ልብን ለመለወጥ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ አስፈልጓል።

ሌላም አለ። ተምሮ ወይም ባሕር ተሻግሮ ከፍ ያለ ሰው የባላገር ሚስቱን፥ አንዳንዴም እናቱን፥ በእንግዳ ፊት «የቤት ሠራተኛችን ናት» ሲል ሰምተን እናውቃለን። የእርሱን የትምህርት ዘመን በጠላ ሽያጭ ወይም በዐረብ አገር የቤት ሥራ ያሳለፈችለት ሴት በዚያ ቃል ትሰረዛለች። እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ነገር ብቻ እንለምነዋለን፤ ከመፍረዱ በፊት ጥቂት ጊዜ በመስተዋቱ ፊት ይቁም።

ወላጆች ሆይ፤ በዚህ ሳምንት ታሪኩን ለልጆቻችሁ ንገሩአቸው፤ ስትነግሩአቸውም እንደ እኛ ከመጨረሻው በፊት አቁሙና ምን ያድርግ ብላችሁ ጠይቁአቸው። የሚመልሱላችሁ መልስ በቤታችሁ ስለ ሰው ዘርና ስለ ትዳር ምን ሲሰሙ እንዳደጉ ይነግራችኋል። ምናልባትም መልሱ ከልጆቹ ይልቅ እኛን ያሳፍረን ይሆናል፤ ማፈሩም ለበጎ ነው።

እስከሚመጣው ወር ድረስ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤታችሁ አይለይ።